ልብ የሚከፍለው ለግፊት ነው

ክቡራትና ክቡራን፣ የሙያ አጋሮቼ፣ ውድ ተማሪዎች፣ ሕሙማንን ይዛችሁ የመጣችሁ ቤተሰቦች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

የዓለም የልብ ቀን በመጣ ቁጥር ስለ ጨው፣ ስለ ሲጋራና ስለ እግር ጉዞ እንነጋገራለን። መነጋገርም ይገባናል። እኔ ግን የፊዚዮሎጂ መምህር ነኝና ዛሬ ከምክሩ በስተጀርባ ያለውን ነገር ላሳያችሁ እወዳለሁ። ጥያቄዬ አንድ ነው። ልብ ለሚሠራው ሥራ ምን ያህል ኦክሲጅን ይፈጃል? ሥራውና ወጪውስ እኩል ይሄዳሉ ወይ? ሲሰሙት የቤተ ሙከራ ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ምንም የማያመው ሰው የደም ግፊት መድኃኒት ለምን በየቀኑ እንደሚውጥ፣ ዳገት ሲወጣ ደረቱን ጨምድዶ የሚይዘው ሰው ቆም ሲል ሕመሙ ለምን እንደሚለቀው፣ የልብ በሩ የተጎዳ ልጅ ለዓመታት ሲሮጥና ሲጫወት ቆይቶ ለምን በኋላ እንደሚደክም መረዳት የሚቻለው ይህን ጥያቄ በመመለስ ነው።

የአዋቂ ሰው ልብ 300 ግራም ገደማ ይመዝናል። ከሰውነታችን ክብደት ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም፤ ግማሽ እጅ ቢሆን ነው። አንድ ሰው ጋደም ብሎ ሳለ መላ ሰውነቱ በደቂቃ 250 ሚሊ ሊትር ያህል ኦክሲጅን ይጠቀማል። ከዚህ ውስጥ ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሊትሩን የሚወስደው ይህ ጭብጥ የምታህል ጡንቻ ነው። አንድ አሥረኛ ማለት ነው። በቀን 100,000 ጊዜ ያህል ይመታል፤ 7,000 ሊትር ያህል ደም ይገፋል፤ ሌሊትና ቀን አይለይም።

ከሚወስደው መጠን ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ አወሳሰዱ ነው። ሰውነታችን በጠቅላላው ዕረፍት ላይ ሲሆን በደም ከመጣለት ኦክሲጅን ሩቡን ያህል ብቻ ይወስድና ቀሪውን ይመልሳል። የእግር ጡንቻ ሩጫ ሲጀምር ከዚያው ደም ላይ የበለጠ ይወስዳል፤ ለክፉ ቀን የተቀመጠ ትርፍ አለውና። ልብ ግን ገና ተኝተን ሳለን ከመጣለት ኦክሲጅን ከመቶ 70 እስከ 75 እጁን አውጥቶ ይጠቀማል። ስለዚህ ተጨማሪ ሲያስፈልገው ከዚያው ደም ላይ አሟጥጦ መውሰድ እምብዛም አይችልም። የቀረው መንገድ ተጨማሪ ደም እንዲመጣለት ማድረግ ነው። ልብን ራሱን የሚመግቡት ደም ቅዳዎች፣ ኮሮናሪ የምንላቸው፣ ጤነኛ ሲሆኑ ፍሰታቸውን አራትና አምስት እጥፍ ማሳደግ ይችላሉ። ከጠበቡ ግን ይህ አቅም ይጠፋል። ደም ማነስ ያለበት ሰውም በሌላ በኩል ይቸገራል፤ ሄሞግሎቢኑ በግማሽ ሲያንስ እያንዳንዱ ሊትር ደም የሚያመጣው ኦክሲጅንም በግማሽ ያንሳል፤ ልብም የለመደውን ለማግኘት እጥፍ ደም ይሻል።

ልብ ዕዳም መሸከም አይችልም። የእግር ጡንቻ በቂ ኦክሲጅን ሳያገኝ ለተወሰነ ጊዜ ሠርቶ፣ በኋላ በማለክለክ ዕዳውን ይከፍላል። የልብ ጡንቻ ውስጥ ያለው የተዘጋጀ ጉልበት፣ ኤቲፒ የሚባለው፣ ምርቱ ቢቋረጥ የሚበቃው ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ ነው። የልብ ሕዋስ ሢሶው ያህል ኦክሲጅንን ወደ ጉልበት በሚለውጡት ማይቶኮንድሪያዎች የተሞላውም ለዚህ ነው። ገቢው በየምቱ ካልመጣ ወጪው በየምቱ አይሸፈንም።

እንግዲህ ወጪውን አየን፤ ሥራውን ደግሞ አብረን እናስላ። የግራው የታችኛው የልብ ክፍል፣ ማለትም ግራ ቬንትሪክል፣ በአንድ ምት 70 ሚሊ ሊትር ያህል ደም በ100 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ግፊት ወደ ዋናው ደም ቅዳ ያስወጣል። ግፊቱን በደሙ ይዘት ስናባዛው ሥራው ወደ አንድ ጁል ይጠጋል። በደቂቃ 70 ጊዜ ሲመታ 65 ጁል ገደማ ይሆናል። ይኸው ክፍል በደቂቃ የሚጠቀመው ኦክሲጅን 20 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ እያንዳንዱ ሚሊ ሊትር ደግሞ 20 ጁል ያህል ጉልበት ይሰጣል። 20 በ20 ሲባዛ 400። ልብ 400 ጁል ከፍሎ 65 ጁል የሚታይ ሥራ ሠራ ማለት ነው፤ ከስድስት አንድ። የተለያዩ ልኬቶች እንደ ሁኔታው ከመቶ 15 እስከ 25 ያደርሱታል።

ቀሪው ሙቀት ሆነ ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ሐሰትም አይደለም። ነገር ግን እንዲህ ብለን ካለፍን ዋናውን ነገር ሳናየው እንቀራለን። ሥራ ማለት ግፊት ሲባዛ በይዘት ከሆነ፣ ግፊቱን እጥፍ ማድረግና የሚወጣውን ደም እጥፍ ማድረግ በሒሳቡ እኩል ናቸው። ሁለቱም ሥራውን እጥፍ ያደርጋሉ። ለልብስ እኩል ናቸው? ወጪያቸው አንድ ነው?

ይህን ጥያቄ በእጃቸው የፈተኑት ቻርልስ ሎቫት ኢቫንስና ማትሱኦካ የተባለው ባልደረባው ናቸው። ሥራቸውን ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1915 ሲሆን፣ የተጠቀሙበትም ኧርነስት ስታርሊንግ ለንደን ውስጥ ያዳበረውን ዘዴ ነው። መሣሪያውን ልግለጽላችሁ፤ ብልሃቱ ዛሬም ያስደንቀኛልና። የአንድ ውሻ ልብና ሳንባ በሕይወት እንዳሉ ከቀረው ሰውነት ይለያሉ። ከልብ የሚወጣው ደም በቱቦ ተመርቶ በስስ የጎማ ቱቦ ውስጥ ያልፋል። ይህ ስስ ቱቦ በመስታወት መያዣ ውስጥ ተዘግቷል፤ በመስታወቱና በጎማው መካከል አየር ይነፋል። አየሩ በበረታ ቁጥር ጎማው ይጨመቃል፤ ልብም ደሙን ለማሳለፍ የበለጠ ግፊት ማውጣት ግድ ይሆንበታል። ደሙ ከዚያ ተሞቆ ከፍ ብሎ ወደተሰቀለ ማጠራቀሚያ ይገባል፤ ከማጠራቀሚያው ወደ ልብ በሚመለስበት ቱቦ ላይ ደግሞ መቆንጠጫ አለ። መቆንጠጫው ሲላላ ወደ ልብ የሚገባው ደም ይበዛል፤ ሲጠብቅ ያንሳል። በአንድ እጅ ግፊቱን፣ በሌላው እጅ የደሙን መጠን ለየብቻ መለወጥ ተቻለ። ሕያው አካል ውስጥ ሁለቱ ተጠላልፈው ስለሚኖሩ እንዲህ መነጠል አይቻልም ነበር።

ውጤቱ ግልጽ ሆነ። አየሩን ነፍተው ግፊቱን ሲያሳድጉ የኦክሲጅን ፍጆታው አብሮ ወጣ። መቆንጠጫውን አላልተው የሚወጣውን ደም ሲያበዙ ግን ፍጆታው የጨመረው በጥቂቱ ነው። ሥራው በወረቀት ላይ እኩል ቢሆንም ወጪው እኩል አልሆነም። ልብ ብዙ ደም ማመላለስ አያስጨንቀውም፤ የሚያስጨንቀው ከፍ ባለ ግፊት ላይ መግፋት ነው።

ለምን ይህ እንደሚሆን ለተማሪዎቼ ሳስረዳ የመርካቶን ተሸካሚ አነሣለሁ። ግማሽ ኩንታል ጤፍ ተሸክሞ መኪናው እስኪከፈትለት ድረስ ባለበት ቆሟል እንበል። አንድ እርምጃ አልተራመደም፤ ጭነቱንም አንዲት ስንዝር ከፍ አላደረገም። በፊዚክስ ስሌት የሠራው ሥራ ዜሮ ነው። ላቡ ግን ይንቆረቆራል፤ ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል። ጡንቻ የሚከፍለው ዕቃው ለተጓዘው ርቀት ብቻ አይደለም፤ ተወጥሮ ለመቆየቱም ይከፍላል። የልብ ግድግዳም ሲኮማተር መጀመሪያ ይወጠራል፤ ግፊቱ ከደም ቅዳው ግፊት እስኪበልጥ ድረስ አንዲት ጠብታ ደም አትወጣም። በዚያ የውጥረት ጊዜ የሚታይ ሥራ የለም፤ ወጪው ግን እየቆጠረ ነው።

ከዚያ በኋላ ስታርሊንግ ራሱ ከአሜሪካዊው ሞሪስ ቪሸር ጋር ሆኖ ሌላ ነገር አየ። እ.ኤ.አ. በ1927 ባሳተሙት ሥራ፣ የአንድ ልብ የኦክሲጅን ፍጆታ የሚከተለው ልብ ከመኮማተሩ በፊት የሞላበትን ይዘት ነው አሉ። በሌላ አነጋገር፣ የተለጠጠ ልብ የበለጠ ይፈጃል። ይህ ከኢቫንስ ግኝት ጋር የሚጋጭ ይመስላል፤ አንዱ ግፊት ይላል፣ ሌላው ይዘት ይላል። ሁለቱን የሚያስታርቃቸው የፈረንሳዊው የላፕላስ ሕግ ነው። በአንድ ክብ ዕቃ ውስጥ ያን ያህል ግፊት ለመያዝ ግድግዳው የሚሸከመው ውጥረት ከዕቃው ስፋት ጋር አብሮ ያድጋል። የልብ ክፍል ሲሰፋ፣ ያንኑ 120 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ግፊት ለማውጣት ግድግዳው የበለጠ መወጠር አለበት። ወጪው የሚከተለው የግድግዳውን ውጥረት ነው፤ ውጥረቱን ደግሞ ግፊቱም ስፋቱም ያሳድጉታል። ሁለቱም ሊቃውንት ትክክል ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በ1958 በአሜሪካ ብሔራዊ የልብ ኢንስቲትዩት ስታንሊ ሳርኖፍና ባልደረቦቹ፣ ወጣቱ ዩጂን ብራውንዋልድ ከመካከላቸው ነበር፣ የጊዜን ድርሻ ጨመሩበት። ልብ ግፊቱን ለምን ያህል ጊዜ ተሸክሞ እንደቆየ፣ ይህንንም በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደደጋገመው አሰሉ። የኦክሲጅን ፍጆታው ከሚታየው ሥራ ይልቅ ይህን የግፊትና የጊዜ ድምር በቅርብ እንደሚከተል አሳዩ። የልብ ምት ፍጥነት ለምን እንደሚያስወጣም ከዚህ ግልጽ ይሆናል፤ እያንዳንዱ ምት አዲስ ውጥረት ነው።

ለእኔ ከሁሉም የሚያምረው ግን የጃፓናዊው የሂሮዩኪ ሱጋ ሥራ ነው። ከሰውነት ወጥቶ በሌላ ውሻ ደም የሚመገብ ልብ ወሰደ፤ በግራው ክፍል ውስጥ ውኃ የተሞላ ፊኛ አስገባ። ፊኛው ከአንድ ፓምፕ ጋር ስለተገናኘ የልቡን ይዘት እንደፈለገ መወሰን ይችላል። ይዘቱን ሙሉ በሙሉ ቢቆልፈው ልቡ ይኮማተራል፤ ግፊት ያወጣል፤ ነገር ግን ምንም ነገር አይገፋም። የሚታይ ሥራው ዜሮ ነው። ኦክሲጅን ግን ይጠቀማል፤ ፊኛው በሞላ ቁጥርም የበለጠ ይጠቀማል። ሱጋ እ.ኤ.አ. በ1979 ያቀረበው ሐሳብ እንዲህ የሚል ነው። ልብ በአንድ ምት የሚያመነጨው ሜካኒካዊ ጉልበት ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ደሙን የገፋበት ሥራ ነው። ሁለተኛው በተኮማተረው ግድግዳ ውስጥ ታምቆ የቀረና፣ ልብ ሲላላ ወደ ሙቀት ተለውጦ የሚጠፋው ጉልበት ነው። ሁለቱ ሲደመሩ፣ ልቡ ደም ገፋም አልገፋም፣ የኦክሲጅን ፍጆታው ከድምሩ ጋር ቀጥ ባለ መስመር ይሄዳል። ለስልሳ ዓመታት ያህል ሲያከራክር የኖረው ነገር በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ ተሰለፈ!

ያ መስመር ከዜሮ አይጀምርም፤ ይህን ልብ በሉ። ልብ ምንም ሜካኒካዊ ጉልበት ባያመነጭም የሚከፍለው ቋሚ ወጪ አለ። ከፊሉ ሕዋሱ በሕይወት ለመቆየት ብቻ የሚያወጣው ነው፤ በቀዶ ሕክምና ጊዜ በፖታሲየም መድኃኒት የቆመ ልብ እንኳ ከተለመደው ፍጆታው አንድ አምስተኛ ያህሉን መጠቀሙን አያቆምም፤ ስለዚህም ነው ሐኪሞች የሚያቀዘቅዙት። ሌላው ካልሲየምን በየምቱ ወደ መጋዘኑ መልሶ ለማስገባት የሚከፈል ነው። አድሬናሊንና መሰል መድኃኒቶች ልብ በርትቶ እንዲኮማተር ሲያደርጉ ይህን ቋሚ ወጪ ወደ ላይ ያነሡታል። ለዚያው ለሚታየው ሥራ የበለጠ ኦክሲጅን ይጠየቃል። በጽኑ ሕሙማን ክፍል የምትሠሩ ባልደረቦቼ፣ የደከመን ልብ በመድኃኒት ስታበረቱ ግፊቱ ሲነሣ ደስ ይለናል፤ ደስታውም ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ክፍያው ከየት እንደሚመጣ መጠየቅ አለብን። ኮሮናሪው ከጠበበ ክፍያው የሚመጣው ከራሱ ከጡንቻው ሕይወት ነው።

አሁን ወደ ሕሙማኖቻችን ልምጣ።

ዕረፍት ላይ ምቱ 70፣ የላይኛው ግፊቱ 120 የሆነ ሰው አለ። ሁለቱን ብናባዛ 8,400። ሌላው ሰው ምቱ ያው 70 ሆኖ ግፊቱ 180 ነው፤ ብዜቱ 12,600 ይሆናል። ይህ ብዜት ሻካራ ግምት ነው፤ ነገር ግን የልብን የኦክሲጅን ፍጆታ አልጋ አጠገብ ቆሞ ለመገመት ከዚህ የተሻለ ቀላል መንገድ የለም። ሁለቱ ሰዎች በደቂቃ የሚያመላልሱት ደም እኩል ሊሆን ይችላል። ለእግራቸው፣ ለአንጎላቸው፣ ለኩላሊታቸው የሚደርሰው ደም አንድ ነው። የሁለተኛው ሰው ልብ ግን ለዚያው አገልግሎት በግማሽ የሚበልጥ ዋጋ እየከፈለ ነው፤ በቀን 100,000 ጊዜ፣ ተኝቶም ቢሆን። ምንም አያመውም። ምልክት የለውም። ልቡ ይህን ውጥረት ለመቻል ግድግዳውን ያደነድናል፤ ሲደነድን እያንዳንዱ የጡንቻ ክር የሚሸከመው ሸክም ይቀልለታል፤ ጡንቻው በጠቅላላ ግን ስለበዛ የሚበላውም ይበዛል። ከዚህም በላይ የልብ የውስጠኛው ሽፋን ደም የሚያገኘው በዋናነት ልብ በሚላላበት ጊዜ ነው፤ ሲኮማተር ቧንቧዎቹ ይጨመቃሉና። የደነደነ ግድግዳ ውስጠኛው ክፍል መጀመሪያ የሚራበው ለዚህ ነው።

«ሐኪም፣ አላመመኝም፤ ስለዚህ መድኃኒቱን ተውኩት» የሚሉ ሕሙማን ብዙ ናቸው። አልቆጣቸውም፤ ወጪው ስለማይታያቸው ነው። ቤተሰቦች፣ እባካችሁ ይህን ለአባቶቻችሁና ለእናቶቻችሁ ንገሯቸው። አምሎዲፒን ወይም ኢናላፕሪል የሚዋጠው ዛሬ የሚያመውን ለማስታገስ አይደለም። ልብ ለዚያው ሥራ የሚከፍለውን ዋጋ በየምቱ ለመቀነስ ነው። የተቋረጠ ሳምንት ማለት 700,000 ምት በውድ ዋጋ ተመታ ማለት ነው።

የልብ በር ሕመም ደግሞ ይህን ሕግ በሰው አካል ላይ ጽፎ ያሳየናል። ወደ ዋናው ደም ቅዳ የሚያስወጣው በር ሲጠብ፣ ግራው ቬንትሪክል ያንኑ ደም ለማውጣት ግፊቱን ከ200 በላይ ማድረስ ሊኖርበት ይችላል። የሚወጣው ደም አልበዛም፤ ግፊቱ ግን በእጅጉ ወጣ። እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ኮሮናሪ ቧንቧዎቹ ንጹሕ ሆነው እንኳ ደረቱን ያመዋል። በተቃራኒው ሚትራል የሚባለው በር በሚገባ መዝጋት ሲያቅተው፣ ልብ በየምቱ የተወሰነ ደም ወደ ላይኛው ክፍል ይመልሳል። የሚያመላልሰው ደም በዝቷል፤ ነገር ግን የሚመልሰው ግፊቱ ዝቅ ወዳለ ክፍል ስለሆነ የግድግዳው ውጥረት ቶሎ ይረግባል። በኦክሲጅን በኩል ወጪው የሚጨምረው በጥቂቱ ነው። ኢቫንስ በመስታወትና በጎማ ያየው ነገር ይኸው ነው።

በአገራችን ወጣቶችን ለልብ ሕመም ከሚዳርጉት ዋነኛው ሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። በልጅነት ከታመመ ጉሮሮ ተነሥቶ የሚመጣ ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚያጠቃው ይህንኑ ሚትራል በር ነው። በሩ የማይዘጋለት ልጅ ለዓመታት ትምህርት ቤት ይሄዳል፤ ኳስ ይጫወታል። ወላጆቹ ድኗል ይላሉ። አልዳነም፤ ልቡ ርካሽ በሆነው መንገድ፣ በይዘት በኩል፣ እየከፈለ ነው። ነገር ግን የልቡ ክፍል በየዓመቱ ትንሽ በትንሽ ይሰፋል። ስፋቱ ሲጨምር የላፕላስ ሕግ ይደርስበታል፤ ግድግዳው ለዚያው ግፊት የበለጠ መወጠር ይጀምራል፤ ርካሹ መንገድ ውድ ይሆናል። ሲያለክልክና እግሩ ሲያብጥ ወደ እኛ ሲመጣ ብዙው ጊዜ አልፏል። በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚወጋው የፔኒሲሊን መርፌ በዚያ ጸጥተኛ ዘመን መቋረጥ የለበትም የምንለው በሩ በአዲስ ጥቃት እንዳይባስ ነው። በልጁ ደህና መምሰል የተነሣ መርፌውን ማቆም ከባድ ስሕተት ነው፤ ይህን ስናገር ድምፄ ከፍ ቢል ይቅርታ አድርጉልኝ፤ እነዚህን ልጆች ስለማስብ ነው።

ከሕክምናው ታሪክ አንድ ሰው ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብላክ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በግላስጎው የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ፊዚዮሎጂ ያስተምር ነበር። በዚያ ዘመን ደረታቸውን ለሚያማቸው ሰዎች የሚፈለገው ቧንቧ የሚያሰፋ መድኃኒት ነበር፤ ገቢውን እናብዛ ነው ሐሳቡ። ብላክ ነገሩን ገለበጠው። የጠበበና የደነደነ ቧንቧ ማስፋት ካቃተን፣ ልብ የሚጠይቀውን ለምን አንቀንስም? ብሎ ጠየቀ። አድሬናሊን ምቱን እንዳያፈጥንና ልብን እንዳያጣድፍ የሚከለክል መድኃኒት ፍለጋ ገባ። ፕሮፕራኖሎል እ.ኤ.አ. በ1964 ታወቀ፤ እ.ኤ.አ. በ1988 ብላክ የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዱ ሆነ። ዛሬ ከመድኃኒት ቤት የምትገዙት አቴኖሎልና ሜቶፕሮሎል የዚያ ጥያቄ ልጆች ናቸው። ምቱን ሲያዘገዩ ሁለት ጥቅም ይሰጣሉ። በደቂቃ የሚከፈለው ውጥረት ቁጥሩ ያንሳል፤ ልብ የሚላላበትና ራሱን የሚመግብበት ጊዜም ይረዝማል። ምት 60 ሲሆን ከአንድ ደቂቃ ውስጥ 40 ሰከንድ ያህሉ የመላላት ጊዜ ነው፤ 120 ሲደርስ ወደ 30 ሰከንድ ይወርዳል። ልብ አብዝቶ በሚፈልግበት ሰዓት መብያው ጊዜ ያጥርበታል።

ከምላስ ሥር የሚቀመጠው ናይትሮግሊሰሪንም እንዲሁ ነው። ለንደን ውስጥ ዊሊያም መረል ለደረት ሕመም መጠቀሙን ካሳወቀ እ.ኤ.አ. ከ1879 ወዲህ ሲያገለግል ኖሯል። ሰዎች ኮሮናሪን ስለሚያሰፋ ብቻ ይመስላቸዋል። ትልቁ ሥራው ግን ሌላ ነው፤ ደም መልሶችን አላልቶ ወደ ልብ የሚመለሰውን ደም ይቀንሳል። የልብ ክፍል ይጠብባል፤ ውጥረቱ ይወርዳል፤ ጥያቄው ይቀንሳል።

ዳገት ላይ ቆም የሚለው ሰውም እንዲሁ እያደረገ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 የታተመ ጥናት እንዳሳየው የአንድ ሕመምተኛ ደረት ሕመም የሚጀምረው የምቱና የግፊቱ ብዜት ከሞላ ጎደል በአንድ ቁጥር ላይ ሲደርስ ነው፤ ዛሬም ነገም። ቆም ሲል ብዜቱ ይወርዳል፤ ሕመሙም ይለቃል።

ከዚህ ተነሥቶ ስለ ዕለት ተዕለት ኑሮ ልንመክር የምንችለው ነገር አለ። የእግር ጉዞ ምቱን ከፍ ያደርጋል፤ የሚፈስሰውንም ደም ያበዛል፤ የጡንቻዎቹ ቧንቧዎች ስለሚከፈቱ ግን ግፊቱ በመጠኑ ነው የሚወጣው። 20 ሊትር ጀሪካን በአንድ እጅ አንጠልጥሎ ትንፋሽ ይዞ መሄድ ግን ሌላ ነገር ነው። የተጨበጠው ጡንቻ ሳይላላ ይቆያል፤ ግፊቱ ወዲያው ይተኮሳል፤ የሚታየው ሥራ ጥቂት ሆኖ የልብ ወጪ ግን ብዙ ነው። የልብ ሕመምተኛ ያለበት ቤት ውስጥ ውኃ መቅዳት፣ ከባድ ዕቃ ማንሣትና የተጣበቀ በር መግፋት ለሌላ ሰው ይሁን። ሐኪሙ የፈቀደለትን ያህል ደግሞ ይራመድ። በጽናት ልምምድ የሠለጠነ ልብ ዕረፍት ላይ በደቂቃ 45 ጊዜ ብቻ ቢመታ፣ በየምቱ ብዙ ደም ስለሚያወጣ ማንም አይጎዳበትም። 45 በ110 ሲባዛ 4,950 ነው፤ ቅድም ካየነው ከ12,600 ጋር አስተያዩት። አገልግሎቱ ያው ነው።

ተማሪዎች፣ ለእናንተ አንድ የቤት ሥራ አለኝ። ከነገ ጀምሮ በሕሙማን ካርድ ላይ ምትና ግፊት ስትጽፉ ሁለቱን አባዙ። ሕመምተኛው ሲገባ ስንት ነበር፣ መድኃኒት ከጀመረ በኋላ ስንት ሆነ፣ ደረቱን ባመመው ሰዓት ስንት ነበር፣ በጎኑ አስቀምጡት። ግፊት ስትለኩም ሕመምተኛው አምስት ደቂቃ ተቀምጦ ይረፍ፤ መጠቅለያው ለክንዱ ልክ ይሁን፤ አንድ ልኬት ከፍ አለ ብላችሁ አትደምድሙ፤ በሌላ ቀን ድገሙት። በጤና ጣቢያ ያላችሁ ኃላፊዎች ደግሞ፣ የግፊት መለኪያው ትክክል መለካቱ በየጊዜው እንዲፈተሽ፣ የግፊት መድኃኒትና የፔኒሲሊን መርፌ ከመደርደሪያው እንዳይጠፋ የምታደርጉት ጥረት እዚህ ከተናገርኩት ሁሉ የሚበልጥ የልብ ሕክምና ነው።

ስለ ትዕግሥታችሁ አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሡ፤ ከቤተሰቦች እንጀምር።